ገዢው ከዘሩ ይቅደም፦ በባሌ ደጋ ስንዴን እንደ ንግድ ለሚያርሱ

ይህ ጽሑፍ በሮቤ፣ በጎባ፣ በሲናና፣ በአጋርፋ ወይም በጋሰራ አንድ ሁለት ሄክታር የራሱ መሬት ኖሮት፣ የቀረውን በኮንትራት ወይም በእኩል ይዞ ስንዴ ለሚያርስ ሰው የተጻፈ ነው። ሮቤ ስል የባሌዋን ነው፤ የአርሲዋ ሮቤ አንባቢም ቢሆን አብዛኛው ነገር ይሠራለታል።

ትራክተርና ኮምባይነር ለባሌ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በሲናናና በአካባቢው የነበሩት የመንግሥት እርሻዎች ገበሬውን ከማሽን ጋር ካስተዋወቁት ብዙ ዓመት ሆኗል፤ የአጋርፋ የገበሬዎች ማሠልጠኛም የዚያው ዘመን ነው። ዘመናዊ እርሻ ማለት ማሽን ማለት ከሆነ ባሌ ቀድሞ ዘምኗል። የቀረው ሒሳቡ ነው። ቡና ላይ ዛሬም የሚጠየቀው «በሄክታር ስንት አወጣህ?» የሚለው ነው። ነጋዴ ሌላ ይጠይቃል፦ አንዱ ኩንታል ስንት ፈጀ? ማን ይገዛዋል? መቼ? ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሚነሣው ከእነዚህ ጥያቄዎች ስለሆነ፣ ማረሱና መዝራቱ መሀል ላይ ይመጣል።

የአንዱን ኩንታል ወጪ ያውጡ

ደብተር ይያዙ፤ ስልክ የሚቀልዎት ከሆነ በስልክ ይጻፉ። ማዳበሪያ፣ ዘር፣ መድኃኒት፣ የትራክተርና የኮምባይነር ክፍያ ማንም አይረሳም። የሚረሳው ሌላው ነው፦ ለአራሚ የቀረበው ምሳ፣ ጆንያው፣ የጫኝና የአውራጅ፣ የደላላው፣ ከማሳ እስከ መጋዘን የጋሪው። ከሁሉ በላይ የሚረሳው የራስዎ መሬት ነው። መሬትዎን ለሌላ ቢያከራዩት የሚያገኙትን ኪራይ እንደ ወጪ ይጻፉት፤ አለዚያ እርሻው ያተረፈ መስሎ መሬትዎ ደግፎት ሊሆን ይችላል። የቤተሰብ ጉልበትም እንዲሁ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ይቆጠር።

አሁን ያካፍሉ። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲቀሉ የተወሰዱ ናቸው እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደሉም። በሄክታር 90,000 ብር አውጥቶ 30 ኩንታል ያገኘ ሰው አንዱ ኩንታል 3,000 ብር ፈጅቶበታል። 120,000 አውጥቶ 50 ያገኘው 2,400 ብር። 190,000 አውጥቶ 60 ኩንታል ያፈሰው ግን 3,160 ብር አልፎበታል። ሦስተኛው ሰው በመንደሩ የሚደነቅ ገበሬ ነው፤ ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚከስረውም እሱ ነው።

ሒሳቡን በየወቅቱ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ መድኃኒቱም የኮምባይነሩ መለዋወጫም፣ ከምንዛሪው ጋር ተያይዞ ይነሣል። ማዳበሪያ በመንግሥት ድጎማ ቢቀልም ዋጋው የዱሮው አይደለም። የዘንድሮን እርሻ በአምና ወጪ ማቀድ ራስን ማታለል ነው።

ሳይዘሩ ገዢ ያነጋግሩ

ስንዴ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ገዢውም እንዲሁ። ከመዝራትዎ ሁለት ወር አስቀድመው ቢያንስ ሦስት ዓይነት ገዢ ያነጋግሩ።

የሮቤ ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ማሳ ድረስ ይመጣል። ጥራት ብዙም አይጠይቅም፤ ስለማይጠይቅም ለጥራት አይከፍልም። እህሉ በዲንሾ፣ በአዳባና በዶዶላ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ወደ አዳማና አዲስ አበባ ሲሄድ የሚፈጠረው የዋጋ ልዩነት የእሱ ነው። ይህን ስል ነጋዴውን ለመውቀስ አይደለም፤ መኪናና ጊዜ አውጥቷል። ነገር ግን መሸጫዎ እሱ ብቻ ከሆነ ዋጋ የሚቆርጠውም እሱ ነው።

የማካሮኒና የፓስታ ፋብሪካ የሚፈልገው ዱረም ስንዴ ነው። ባሌ በዚህ ልምድ አላት፤ ጣሊያን በደገፈችው ፕሮጀክት የባሌ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበሮቻቸው በኩል ዱረም አምርተው ለፓስታ ፋብሪካዎች አቅርበዋል። ከዳቦ ስንዴ የተሻለ ዋጋ የሚገኘው ግን ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ ፕሮቲኑ ከፍ ማለት አለበት፤ ከዳቦ ስንዴ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ወደ ጎባና ወደ ዲንሾ ከፍ ባለው ደጋ ላይ ከሆኑ የቢራ ገብስን ያስቡ። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የቆየ ገዢ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ቡርትማልት፣ አዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ላይ ሱፍሌ ተጨምረዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ነው። ዱረም ስንዴ ፕሮቲን እንዲበዛለት ይፈለጋል፤ ስለዚህ ዩሪያው ተከፍሎ፣ ሁለተኛው ዙር ዘግየት ብሎ ይሰጣል። ብቅል ደግሞ ፕሮቲን ሲበዛ ይበላሻል፤ ፋብሪካው አይቀበለውም። ስንዴ ላይ የለመደ እጅ ገብሱ ላይም ዩሪያ ሲበትን፣ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ዓይን ይማርካል፤ ውጤቱ ግን ለከብት መኖ ነው። ገዢው ከዘሩ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው፤ የዩሪያውን መጠንና ጊዜ እንኳ የሚወስነው እሱ ነው።

አራተኛው መንገድ ዘር ማባዛት ነው። የኦሮሚያ ምርጥ ዘር ድርጅት ከገበሬ ማኅበራት ጋር ውል እየገባ ያስባዛል፤ ዋጋውም ከእህል ዋጋ በላይ ነው። ሥራው ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፦ ባዕድ ዝርያ በእጅ መንቀል፣ ከሌላ ማሳ መራቅ፣ መስክ ለመስክ መፈተሽ። ጊዜ የሌለው ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ከማንኛውም ገዢ ጋር ውል ሲያስቡ የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 መኖሩን ይወቁ፤ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉት። በውሉ ውስጥ አምስት ነገር ካልሰፈረ አይፈርሙ፦ ዋጋው እንዴት እንደሚወሰን፣ ሚዛኑ የት እንደሚደረግ፣ እርጥበትና ባዕድ ነገር ሲገኝ ስንት እንደሚቀነስ፣ ጆንያና ማጓጓዣ በማን ወጪ እንደሆነ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈል። ዋጋውን በቁርጥ ብር አለማሰር ይሻላል። በመኸር መጀመሪያ የታሰረ ቁርጥ ዋጋ ገበያው ሲወጣ ገበሬውን ያስኮበልላል፤ ሲወርድ ደግሞ ፋብሪካው ሰበብ ያበዛል። «በርክክቡ ቀን የሮቤ ገበያ ዋጋ ሲደመር ይህን ያህል» የሚል ውል ሁለቱንም ወገን ያቆያል።

ዘርና ዋግ

ገዢው ሲታወቅ ዝርያው ይመረጣል። የባሌ ገበሬ በዝርያ ጉዳይ ውድ ትምህርት ቀስሟል። ኩብሳ ለዓመታት የደጋው ንጉሥ ነበረ፤ በ2002 እና 2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ሲነሣ ኩብሳና ገለማ ወደቁ። ያኔ ቢጫ ዋግን የተቋቋመው ዲገሉ ነበረና ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2006 ዓ.ም. መኸር፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉን አጨደው። ዲገሉ መጥፎ ዝርያ ስለነበረ አይደለም፤ ወረዳ በሙሉ አንድ ዝርያ ስለዘራ ነው። ዋጉ አንዱን ማሳ ሲከፍት የጎረቤቱም በዚያው ቁልፍ ተከፈተ።

ዛሬ ደግሞ ኩታ ገጠም እርሻ የወቅቱ አካሄድ ነው። ጥቅሙ አያጠያይቅም፦ አንድ ዓይነት እህል በብዛት ስለሚገኝ ፋብሪካ ይፈልጋል፣ ኮምባይነሩ ከማሳ ማሳ ሲዞር ጊዜ አያባክንም፣ መድኃኒቱም በአንድ ቀን ይረጫል። ነገር ግን አንድ ቀበሌ በሙሉ አንድ ዝርያ ይዝራ የሚል ውሳኔ ሲመጣ የዲገሉን ዓመት ያንሡ። የእኔ ምክር፣ በኩታ ገጠሙ የተስማሙበትን ዝርያ ይዝሩ፤ ከእሱ ውጪ ባለው ቁራሽ መሬትዎ ግን ሌላ ዝርያ ይሁን። ከሮቤ ብዙ የማይርቀው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዚህ ደጋ የሚስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል፤ የመስክ ቀን ሲያዘጋጅ ይሂዱና ዝርያዎቹን ቆመው ይዩ። «የትኛው ምርት ይሰጣል?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ላይ ዋግ ማየት ጀምራችኋል?» ብለው ይጠይቁ።

ባሌ በዓመት ሁለቴ መዝራቷ፣ በበልግና በመኸር፣ በረከት ነው። ለዋግም በረከት ነው። የበልጉ ስንዴ ሳይታጨድ የመኸሩ ይበቅላል፤ ዋጉም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ በበልግ ስንዴ የነበረበት መሬት በመኸር ስንዴ ካልሆነ ይመረጣል፤ ሳይዘራ በራሱ የበቀለውንም ስንዴ ያጥፉት።

ቡቃያው መብዛት ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ማሳውን በየሳምንቱ በእግር ይዙሩ፤ ዳር ቆሞ ማየት አይበቃም። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛ አየር ይወዳል፤ ቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰለፈ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይታያል፤ በጣት ሲነኩት ይለቃል። የግንድ ዋግ ሞቅ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፤ ግንዱን የሚቦረቡር የሸክላ መልክ ያለው ቁስል ነው። ጥቂት ቅጠል ላይ እንዳዩ ይርጩ እንጂ ጎረቤት እስኪረጭ አይጠብቁ። የላይኛው ቅጠል ከጠፋ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ወጪ ብቻ ነው። ያዩት ዋግ መሆኑን ከተጠራጠሩ ልማት ሠራተኛውን ይጥሩ፤ ወይም በ8028 ነፃ የግብርና መረጃ መስመር ላይ ይደውሉ። መስመሩ በአፋን ኦሮሞም ይናገራል።

ከምርጥ ዘር ድርጅት የተገዛ ዘር ሦስት አራት ዓመት ከተዘራ በኋላ ይታደስ። የራስዎን ዘር የሚዘሩ ከሆነ 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ ከሳምንት በኋላ 85 ካልበቀለ አይዝሩት።

ሲናርና ሙጃ

በዚህ ላይ አላረዝምም። ስንዴ በስንዴ ላይ በየዓመቱ የዘራ ሰው ሲናርና ሙጃ ይወርሰዋል፤ ያንኑ ፀረ-አረም በየዓመቱ የረጨ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ የማይገድለው ሲናር ያመርታል። መፍትሔው ባቄላ፣ አተር ወይም ተልባ በየሦስተኛው ወቅት ማስገባት ነው። ባቄላው መሬቱንም ይጠግናል፤ ለቀጣዩ ስንዴ የሚያስፈልገው ዩሪያ ይቀንሳል። «ባቄላ ኩንታሉ ያንሳል» ይባላል፤ ኩንታል ሳይሆን ትርፍ ይቁጠሩ። መሬትዎ ውሃ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ባቄላው ላይ ቦይ ሳያወጡ አይዝሩ።

ገንዘብና ማሽን

ብድር ሲያስቡ ደንቡ አንድ ነው፦ ብድሩ የሚመለስበት ቀን ከሚሸጡበት ቀን በኋላ ይሁን። በጥር መጀመሪያ የሚመለስ ብድር በዓመቱ ርካሽ ዋጋ ያሸጥዎታል። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ እህልና ከብትም ጭምር፣ ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል፤ ሲንቄ ባንክንም የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክንም በሮቤ ቅርንጫፋቸው ይጠይቁ፤ ሁለቱንም ሳያነጻጽሩ አይፈርሙ። የኮንትራት መሬት ከያዙ ውሉን በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። በቃል የያዙት መሬት ላይ ጥሩ ምርት ባገኙ ማግስት ባለቤቱ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

ኮምባይነር ልግዛ ለሚሉ፦ የግብርና መሣሪያ ያለ ቀረጥ መግባት መጀመሩ ብዙ ሰው አጓጉቷል። ማሽኑ ግን በዓመት ጥቂት ሳምንት ነው የሚሠራው፤ መለዋወጫው በዶላር ነው፤ ጥሩ ኦፕሬተርም ከማሽኑ በላይ ይፈለጋል። ከባሌ ወጥተው አርሲም ሻሸመኔም ሄደው ማሠራት ካልቻሉ ኪራዩ ይሻላል። ለወጣት ግን ሌላ በር አለ፦ በሞተር መርጫ የመርጨት አገልግሎት፣ እህል የማበጠርና የማድረቅ አገልግሎት፣ ገለባ አስሮ ለሮቤና ለጎባ ወተት አምራቾች መሸጥ። መነሻው አነስተኛ ነው፤ ገዢውም ጎረቤት ነው።

ኮምባይነሩ ማሳ ሲገባ

ኦፕሬተሩ በኩንታል ነው የሚከፈለው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ይቸኩላል። በችኮላው የሚጠፋው የእርስዎ ነው። ሦስት ነገር ያድርጉ።

ከመግባቱ በፊት ማሽኑ ይጠረግ። ከሌላ ማሳ የመጣ ኮምባይነር የሌላ ሰው ሲናርና የሌላ ሰው ዝርያ ይዞ ይመጣል። ለዱረምና ለዘር አባዢ ይህ የሞት ሽረት ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣውንም ጆንያ ለብቻው ያስቀምጡ።

ጤዛው ሳይለቅ አይጀመር።

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ካጨደ በኋላ ያስቁሙትና ከኋላው መሬቱን ይዩ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ለይተው የወደቀውን ፍሬ ይቁጠሩ። በካሬ ሜትር 10 ግራም ማለት በሄክታር አንድ ኩንታል ነው፤ 10 ግራም ስንዴ ደግሞ ከ250 እስከ 280 ፍሬ ገደማ ነው። ገለባው የወደቀበትን መስመርም፣ ከመስመሩ ውጪ ያለውንም ቆጥረው አማካዩን ይያዙ። አማካዩ 500 ፍሬ ከሆነ በሄክታር ወደ ሁለት ኩንታል እየተዉ ነው። ፍጥነቱን እንዲቀንስና የማራገቢያውን ኃይል እንዲያስተካክል ይንገሩት። ካጉረመረመ በኩንታል ትንሽ ጨምረውለት ቀስ ይበል፤ ያዋጣዎታል።

የበልጉ ዕድልና የመኸሩ ትዕግሥት

የባሌ ገበሬ ከሌላው አገር የሚለይበት ትልቁ ሀብት የበልጉ ስንዴ ይመስለኛል። የሚደርሰው በክረምት፣ የብዙው አካባቢ ጎተራ ባዶ ሆኖ መኸሩ ገና ባልደረሰበት ጊዜ ነው። ዋጋው ጥሩ መሆን ነበረበት። ግን በዝናብ ስለሚታጨድ እርጥብ ይሆናል፤ ዛላው ላይ የበቀለም አይጠፋም፤ ነጋዴው ይህን አይቶ ቆርጦ ይወስዳል። በቀላሉ ሊገኝ የሚችለው ትርፍ ያለው እዚህ ነው። በበልግ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይምረጡ፤ ከጎረቤት ጋር ተዋጥተው ሰፊ ሸራና ከመሬት ከፍ ያለ ማድረቂያ ያዘጋጁ፤ የበቀለውን ከደህናው አይቀላቅሉ። የበቀለ ስንዴ ሊጥ አይይዝም፤ የዱቄት ፋብሪካ ጥቂት ካገኘ ሙሉውን መኪና ይመልሳል።

ድርቀቱን በጨው መሞከር ይቻላል። በፀሐይ የደረቀ ጨውና ጥቂት ስንዴ በደረቅ ጠርሙስ ከድነው ይነቅንቁ፤ ጥቂት አሳርፈው ይዩ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ገና ይደርቅ። ለማከማቸት ከ13 በመቶ በታች መውረድ አለበት።

መኸሩ ሌላ ነው። ያ እህል ደርቆ ይገባል፤ ችግሩ በታኅሣሥና በጥር ሁሉም በአንድ ጊዜ መሸጡ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ሠርግ አለ። ሁሉንም ያቆዩ ማለት ግን ምክር አይደለም። አሁንም ለምሳሌ ያህል፣ ዋጋው በጥር 5,000 ብር ቢሆንና የገንዘብዎ ወለድ በዓመት 15 በመቶ ቢሆን፣ ስድስት ወር ማቆየት 375 ብር ያስወጣል። ለነቀዝ መከላከያ፣ ለመጋዘንና ለጉድለት 150 ብር ቢጨመር፣ በሐምሌ ከ5,525 ብር በላይ ካልተሸጠ ጥበቃው ከንቱ ነው። ሲሶውን በመከር ሸጠው ዕዳ ይክፈሉ፤ ሲሶውን በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ቀሪውን ክረምት ሲገባ ይሽጡ። አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ያስቀመጡት ስንዴ ያለ መድኃኒት ከነቀዝ ይድናል፤ እርጥብ ከገባበት ግን ይሻግታል። ኬላ ተዘግቶ እህል ከአካባቢ እንዳይወጣ የሚከለከልበት ወቅትም ስለሚኖር ሁሉን ለአንድ ቀን አያስቀምጡ።

በሽያጩ ቀን ሚዛኑን ይፈትሹ። ያልተከፈተ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ጆንያ ጥሩ መፈተሻ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይስቀሉት። ሚዛኑ 48 ካነበበ፣ በየኩንታሉ አራት ኪሎ እያጡ ነው። ጆንያዎቹን ራስዎ ይቁጠሩ፤ ከነጋዴው ቆጣሪ ጋር ሳይገናኝ አንድም አይጫን። ክፍያው በባንክ ከሆነ ደረሰኝ ያሳየዎትን አይመኑ፤ ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ መግባቱን በስልክዎ እስኪያዩ መኪናው ከግቢዎ አይውጣ።